ነርስ ተማሪዎቻችን የጡት ምርመራን በእጃቸው ይማሩ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሕክምና ባለሙያ የጻፉት ጽሑፍ በመምህራን ክፍላችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰነበተ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ጡትን በራስ መመርመር ሞትን እንደማይቀንስ በጥናት ስለታወቀ ለነርስ ተማሪዎች በስኪል ላብ (በተግባር መለማመጃ ክፍል) ማስተማሩ ጊዜ ማባከን ነው። ወጣት ሴቶችን ያለምክንያት ያስደነግጣል። በአንድ ክፍለ ጊዜ በቃል ነግሮ ማለፍ ይበቃል። ወንድና ሴት አብረው በሚማሩበት ክፍል ደግሞ ያሳፍራል። ሕክምናው እንደልብ በማይገኝበት አገር እብጠት ፈልጎ ማግኘት ጭካኔ ነው፤ ይልቅስ ገንዘቡና ጉልበቱ ወደ ማሞግራፊ፣ ማለትም ወደ ጡት ራጅ ምርመራ፣ ይዙር።

እኔ እዚሁ መሃል አዲስ አበባ፣ ልደታ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ነርሶችን አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት በጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ከልባቸው እንደጻፉት ያስታውቃል፤ ካነሷቸው ነገሮችም እውነት የሆኑ አሉ። ነገር ግን አንድ ባልደረባዬ ጽሑፉን ይዞ መጥቶ «እንግዲህ ከዘንድሮ ጀምሮ ይህንን ክፍለ ጊዜ እንሰርዘው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በትልቁ ነጥባቸው ልጀምር። ጸሐፊው የሻንጋይን ጥናት ይጠቅሳሉ። ጥናቱ ትክክለኛ ነው፤ እኔም ከተማሪዎቼ አልደብቀውም። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በሻንጋይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ 266,064 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ጡትን በራስ መመርመርን ተማረ፤ ትምህርቱ ተደገመለት፤ ሴቶቹ በባለሙያ ፊት እየተለማመዱ ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። ሌላኛው ወገን የወገብ ሕመምን ስለመከላከል ተማረ። ውጤቱ በ2002 ሲወጣ ጡት መመርመር ከተማሩት 135፣ ካልተማሩት ደግሞ 131 ሴቶች በጡት ካንሰር ሞተው ተገኙ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ካንሰር ያልሆነ እብጠት ተገኝቶባቸው ናሙና የተወሰደባቸው ግን በተማሩት ዘንድ እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው፣ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማም በሩሲያ የተሠራ ተመሳሳይ ጥናት ጨምሮ መረመረና እዚያው ደረሰ። በአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ምክር የሚያወጣው ግብረ ኃይልም በ2009 ባለሙያዎች ይህንን ለሴቶች እንዳያስተምሩ መከረ።

እስከዚህ ድረስ አንለያይም። እንዲያውም ጸሐፊው አንድ ነገር አሳርመውኛል። በስኪል ላባችን ግድግዳ ላይ «በየወሩ ራስሽን መርምሪ፣ ሕይወትሽን አትርፊ» የሚል ፖስተር ለዓመታት ተለጥፎ ኖሯል። ይህ ያልተረጋገጠ ተስፋ ነው፤ በጥናት ያልተገኘን ነገር ቃል መግባት አይገባንም። ጽሑፉን ባነበብኩ ማግስት አንስቼዋለሁ።

የምንለያየው ጥናቱ የትኛውን ጥያቄ መለሰ በሚለው ላይ ነው። ሻንጋይ ላይ የተጠየቀው፣ ፋብሪካዋ የራሱ ክሊኒክ ያለው፣ ከክሊኒኩም ወደ ሆስፒታል የምትላክበት መንገድ የተዘረጋላት ጤነኛ ሴት በየወሩ ጡቷን ብትዳብስ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድሏ ይቀንስ እንደሆነ ነው። አይቀንስም። ነርስ የጡትን ጤነኛ አፈጣጠር በጣቷ ማወቅ ይገባት እንደሆነ ግን በዚያ ጥናት አልተጠየቀም፤ ያልተጠየቀ ደግሞ አልተመለሰም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ጡትን በራስ መመርመርን እንደ ልየታ ምርመራ (ምልክት የሌላቸውን ሰዎች መርምሮ በሽታን ቀድሞ እንደ ማግኛ) አይቆጥረውም፤ ሴቶች ስለ ጡታቸው እንዲያውቁና ለውጥ ሲያዩ እንዲነቁ ለማድረግ ግን ይጠቅማል ይላል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ግማሽ ጠቅሰው ሁለተኛውን ትተውታል።

የሠለጠነ እጅ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሌላ ጥናት አለ፤ በጽሑፉ ውስጥ አላገኘሁትም። በሕንድ ሙምባይ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች ለ20 ዓመት ተከታትለዋል። ግማሾቹን ሐኪሞች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ጡታቸውን በእጅ መረመሯቸው። ውጤቱ በ2021 ታተመ። በተመረመሩት ዘንድ ካንሰሩ ብዙ ሳይገፋ ተገኘ፤ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሴቶች በጡት ካንሰር መሞት ወደ 30 በመቶ ቀነሰ። ከ50 በታች ባሉት ግን በሞት ላይ ቅናሽ አልታየም። ይህንን የምናገረው የእኛ ሕሙማን አብዛኞቹ ወጣት ስለሆኑ ነው፤ በጥቁር አንበሳ የተሠሩ ጥናቶች አማካይ ዕድሜያቸውን በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያደርጉታል። ስለዚህ ሙምባይ የእኛን ጥያቄ ሁሉ መለሰ አልልም። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ሴት በጥቂት ሳምንት ሥልጠና እጇ ካንሰር ብዙ ሳይገፋ እንዲገኝ ማድረግ ከቻለ ግን፣ አራት ዓመት የተማረችውን ነርስ እጅ አያስፈልግም የሚል ክርክር ከየት እንደሚመጣ አይገባኝም።

«ታዲያ የሠለጠነ እጅ ከሆነ የሚፈለገው፣ ለምን የራሳቸውን ጡት?» የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው። ተማሪዋ ሳትቸኩል፣ ሳታፍርና ማንንም ሳታሳፍር ደጋግማ ልትዳብሰው የምትችለው ጡት የራሷ ብቻ ነው። የምንለማመድበት የጡት ሞዴል እብጠት ምን እንደሚመስል ያስተምራል። ጤነኛ ጡት ምን እንደሚመስል ግን አያስተምርም፤ ጤነኛ ጡት ደግሞ ለስላሳ አይደለም። ወተት የሚሠራው ክፍል እንደ ተፈተለ ጥጥ ይቋጠራል። ከጡት ሥር፣ የጡት መያዣው ሽቦ በሚያርፍበት በኩል፣ ጠንከር ያለ ቅስት አለ። የወር አበባ ሲቃረብ ሁሉም ያብጣል፣ ያማል፤ ለዚህ ነው የወር አበባ ከጀመረ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ተመልከቱ የምንላቸው። ይህንን በራሷ ያላወቀች ነርስ ወይ ጤነኛውን ካንሰር ትላለች፣ ወይ ካንሰሩን ጤነኛ ትላለች። ጸሐፊው የፈሩት ያለምክንያት የሚወሰድ ናሙና እኮ ከዚህ ነው የሚመጣው።

በአንድ ክፍለ ጊዜ ነግሮ ማለፍ ይበቃል ለሚለው ነጥብ ከራሴ በቀር የምጠራው ምስክር የለም። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነበር። የካንሰሩን ደረጃዎች በቃሌ ይዤ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼ ነው የተመረቅኩት። የማንንም ጡት፣ የራሴንም ጭምር፣ በሥርዓቱ ዳብሼ አላውቅም ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ የሰባት ወር ልጅ ያዘለች እናት ልጇን ልታስከትብ መጣች። ካርዱን እየሞላሁ ሳለ፦

«ሲስተር፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለብኝ» አለችና በነጠላዋ ላይ ከብብቷ ዝቅ ብላ አሳየችኝ።

«ያምሻል?»

«ኧረ አያመኝም።»

«ካላመመሽ ወተት ቋጥሮ ነው። በሞቀ ውሃ እሺው፣ ልጁን በዚያ በኩል ደጋግመሽ አጥቢው።»

ነጠላዋን አላነሳሁትም። ቀጣዩዋን ጠራሁ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ግን ምክንያቱ ወረፋው አልነበረም። ብገልጠውስ ምን ብዬ ልነካው ነበር? ወተት የቋጠረ ጡትና ካንሰር በጣት ሥር እንዴት እንደሚለያዩ አላውቅም። ያለማወቄን ደግሞ አላውቅም ነበር። ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ቆይቶ፣ ዘመድ ልጠይቅ በሄድኩበት ሆስፒታል ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አየኋት። እሷ ናት ቀድማ ያወቀችኝ፤ ብድግ ብላ ሰላም አለችኝ። «ወተት አይደለም አሉኝ እኮ፣ ሲስተር» አለች። በድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያኔ ያዘለችው ልጅ በእግሩ ቆሞ ቀሚሷን ይዞ ነበር።

«አያመኝም» ማለቷ ሊያስደነግጠኝ ሲገባ አረጋጋኝ። የጡት ካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ይህንን መጽሐፉ ላይ አንብቤዋለሁ፣ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ጸሐፊው የሚሉት በቃል የሚሰጥ ትምህርት እኔን እዚህ ድረስ ነው ያደረሰኝ።

ስለዚህ በእኛ ስኪል ላብ ነገሩ እንዲህ ይሠራል። ከውጭ የሚመጣው የሲሊኮን ሞዴል ውድ ነው፤ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹ ደግሞ 40 ያህል ናቸው። ስለዚህ ራሳችን እንሠራለን። የሴት ናይለን ካልሲ ውስጥ ጥጥና የተቆራረጠ ስፖንጅ እንሞላለን፤ በመሃሉ ሽንብራና ባቄላ እንደብቃለን። ባቄላዋን ሁሉም ያገኛታል። ሽንብራዋን ግን ከጠርዝ፣ ወደ ብብት በሚዘልቀው ጭራ ላይ ነው የማስቀምጣት። ባለፈው ወር አንዷ ተማሪ ጎበዝ ናት፣ እጇም ፈጣን ነው፤ ክቡን ክፍል ሦስት ጊዜ ዞራ «ጨርሻለሁ ቲቸር፣ አንድ ነው ያለው» አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ ላይ ወደ ብብቱ ወሰድኩት። «ጡት እዚህ አያልቅም» አልኳት። በጣቷ ጫፍ ስትጫን ሽንብራዋ ሸሸቻት። ሦስቱን መካከለኛ ጣቶቿን አስተኝታ፣ በሥጋማው ክፍል፣ መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጋ፣ ከዚያ እስከ ጎድን አጥንት ስትጫን ግን ቆመች። ፊቷ ተለወጠ። ተማሪ ሲገባው ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር መምህር የሆነ ያውቀዋል። ከጡት ካንሰር ግማሽ የሚጠጋው የሚነሳው በዚያው የላይኛው ውጫዊ ክፍል ነው። እሱን ከዚያ በፊት ነግሬያቸው ነበር፤ እሷም ጽፋዋለች።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን እናሳያለን። ከአንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት እስከ ጡት ሥር እጥፋት፣ ከደረት መሃል አጥንት እስከ ብብት መስመር፣ ትልም እንደሚያወጣ ገበሬ ወደ ላይና ወደ ታች፣ አንዱን ትልም ሳይዘሉ። ተኝቶ፣ በሚመረመረው በኩል ትከሻ ሥር ትራስ አድርጎ። ከዚያ በመስታወት ፊት፣ እጅን አንስቶ፣ ከዚያም ወገብ ላይ ጫን አድርጎ፦ ቆዳው ይሰረጎዳል? እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል? የጡቱ ጫፍ አዲስ ወደ ውስጥ ገብቷል? ደም ያዘለ ፈሳሽ አለ? በክፍል ውስጥ ማንም ልብሱን አያወልቅም። በራስ ላይ የሚደረገው እቤት፣ በር ዘግቶ ነው። በሳምንቱ ያገኙትን ሳይሆን የገረማቸውን እንዲጽፉ አደርጋለሁ። ብዙዎቹ የሚጽፉት ስለዚያ ከጡት ሥር ስላለው ጠንካራ ቅስት ነው፤ ከዚህ በፊት ማንም አልነገራቸውም።

ያስደነግጣቸዋል ለሚለው ይህ በከፊል መልስ ነው። በ20 ዓመት ዕድሜ የጡት ካንሰር በጣም ብርቅ መሆኑ እውነት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸውም እሱን ነው። በዚያ ዕድሜ የሚገኘው እብጠት ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ለስላሳ፣ ከጣት ሥር የሚሸሽ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ነው። ባስተማርኩባቸው ዓመታት ያየሁት ፍርሃት ከዳበሱት ሳይሆን ካልዳበሱት የሚመጣ ነው። በጥቅምት ወር ሮዝ ሪባን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሰልፍ ወጥተው፣ ስለ ካንሰር ብዙ ሰምተው፣ ስለ ራሳቸው ጡት ግን ምንም የማያውቁት ናቸው ማታ እንቅልፍ የሚያጡት። ጸሐፊው ግን አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለኛል። እነዚህ ልጆች የ20 ዓመት ሴቶች ብቻ አይደሉም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንዷ ክትባት ክፍል ትቀመጣለች፤ አንዷ ከወሊድ በኋላ እናቶችን ታያለች፤ አንዷ በከተማ ጤና ኤክስቴንሽን በወረዳዋ ቤት ለቤት ትዞራለች። «ሲስተር፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለብኝ» የምትለዋ ሴት የምታገኘው እነሱን ነው። ሐኪሙን ከማግኘቷ በፊት፣ ምናልባትም ለባሏ ከመንገሯ በፊት።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ። ሕክምና በሌለበት ማግኘት ጭካኔ ነው ይላሉ። ይህንን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ ከኮሌጃችን በሰንጋ ተራ በኩል ጥቁር አንበሳ በእግር ይደረሳል። ተማሪዎቼ ለፕራክቲስ ሲመላለሱ ከክልል የመጡ፣ በአካባቢው አልጋ ተከራይተው ተራቸውን የሚጠብቁ ሕሙማንን ያያሉ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው እዚያ ብቻ ነበር፤ በሌሎች ከተሞች መከፈት የጀመረው በቅርቡ ነው። መድኃኒት ይጠፋል፤ ቀጠሮ ይረዝማል። ጸሐፊው ያዩትን እኔም አይቻለሁ።

ግን ክርክሩን እስከ መጨረሻው እንከተለው። አብዛኞቹ ሕሙማን እዚያ የሚደርሱት በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ላይ፣ ማለትም ካንሰሩ ብዙ ከገፋ በኋላ፣ ሆነው ነው። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለች ሴት የኬሞቴራፒ መድኃኒት ያስፈልጋታል፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ጨረር ያስፈልጋታል፤ ማለትም በጣም የጎደለንን ነገር በሙሉ በአንድ ጊዜ ትፈልጋለች። እብጠቱ እንደ ሽንብራ ሳለ የመጣችው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ታገኝና፣ ጡቱ ሙሉ በሙሉ ከተወገደና ወደ ብብት ካልተዛመተ፣ ጨረር ላያስፈልጋት ይችላል። ዕጢዋ ሆርሞን ተቀባይ (በሴት ሆርሞን የሚያድግ) ከሆነ ለዓመታት የምትውጠው ታሞክሲፈን እንክብል ነው፤ እንክብሉን እቤቷ ሆና ትወስደዋለች። ሕክምናው እጥረት ያለበት አገር ቀድሞ ማግኘት ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። እጥረቱ ለጸሐፊው «አታስተምሩ» የሚል ምክንያት ሆኗቸዋል፤ ለእኔ ግን ዋናው የማስተማሪያ ምክንያት እሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጡት ካንሰር ዕቅዱን ሲያወጣ ሦስት ግብ አስቀመጠ፦ ከተገኘው ካንሰር ቢያንስ 60 በመቶው በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ እንዲገኝ፣ ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ጤና ተቋም ከረገጠችበት ቀን አንስቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ፣ ቢያንስ 80 በመቶዎቹ ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ። መካከለኛውን ልብ በሉልኝ። 60 ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ጥቁር አንበሳ ስትደርስ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ነርሷ ፊት ስትቀመጥ ነው። እኔ ለዚያች እናት የመለስኩላት መልስ ዘጠኝ ወር ወስዷል።

ማሞግራፊን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ይምጣ፣ ይብዛ። ነገር ግን መሣሪያው የሚያነብ ባለሙያ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ሲበላሽ የሚጠግን ይፈልጋል። በወጣት ሴት ጥቅጥቅ ያለ ጡት ላይ ደግሞ ብዙ ያመልጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም አቅም ባነሰበት አገር ሴቶችን በሙሉ በማሞግራፊ ከመለየት በፊት ምልክት ያለባቸውን ቶሎ መርምሮ ማከም ይቅደም ነው የሚለው። ወደ ማሞግራፊውስ ቢሆን ሪፈር ወረቀቱን የሚጽፈው ማነው?

ኀፍረቱ ቀርቷል። ወንድና ሴት አብረው ይማራሉ፣ እውነት ነው። በመጀመሪያው ቀን መሳቅ አለ፤ ካልሲው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ከኋላ ወንበር ይንሾካሾካሉ። ሽንብራዋን መፈለግ ሲጀምሩ ግን ያቆማል። ወንዶቹ ተማሪዎቼ ነገ ብቸኛ ነርስ ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ የሚመደቡ ናቸው። አስፈቅዶ መግለጥን፣ ሌላ ሴት ባለሙያ አብራ እንድትቆም ማድረግን፣ የማይመረመረውን በኩል መሸፈንን ካሁኑ ካልተማሩ ያኔ አንድም አይነኩም፣ አንድም በማይገባ መንገድ ይነካሉ። ኀፍረቱን የሚያስወግደው ሥርዓቱ ነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ በልምምድ የሚገኝ ነው።

ስለዚህ ለባልደረባዬ ክፍለ ጊዜውን አንሰርዘውም ብዬዋለሁ። የቀየርኩት ፈተናውን ነው። እስካሁን ተማሪዎቹ ሞዴሉ ላይ እርምጃዎቹን በቅደም ተከተል ካሳዩ ሙሉ ነጥብ ያገኙ ነበር። አሁን አንዷ መምህርት ልጅ አዝላ፣ ነጠላ ለብሳ፣ ለክትባት የመጣች እናት ሆና ትገባለች። ተማሪው ካርዱን እየሞላ ሳለ «እዚህ ጋ አንድ ነገር አለብኝ፣ አያመኝም» ትለዋለች። ቼክሊስቱ ላይ ነጥብ የሚሰጥባቸው እነዚህ ናቸው፦ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ አስፈቀደ፤ ከአንገት ሥር እስከ ብብት ዳበሰ፤ ሁለቱንም ጡት አመሳከረ፤ ያገኘውን መጠንና ቦታ ጻፈ፤ ሪፈሩን በዚያው ቀን ሰጠ፤ ስልክ ቁጥሯን ወሰደ፤ ደርሳ መመርመሯን የሚጠይቅበትን ቀን መዝገቡ ላይ አሰፈረ።